ዘመድ ጥየቃ ሮቤና ጎባ ሲሄዱ ወፍና ቢራቢሮን እንዴት ያስተውላሉ?

ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ ሮቤና ጎባ የሚሄድ ሰው ጊዜው በአብዛኛው በቤተ ዘመድ መሀል ያልፋል። ቡና ይፈላል፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ይታያል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ቀብር ያመለጠው ለቅሶ ይደርሳል። የጉዞው ዋና ምክንያት ይህ ነውና ሊጓደል አይገባም። ነገር ግን በዚያው ግቢ አጥር ላይ፣ በገብሱ ማሳ ጠርዝና ከሮቤ ጎባ በሚያደርሰው መንገድ ዳር፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ወፎች ይመላለሳሉ። እነሱን ለማየት ብቻ ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ዘመድ ጠያቂው ግን የሚያድረው ወፎቹ ከሚኖሩበት ስፍራ መሀል ነው። የጎደለው የማስተዋል ዘዴ ብቻ ነው።

የዘዴው መሠረት አንድ ነገር ነው፤ ከስም በፊት ቦታን ማንበብ። ብዙ ጀማሪ አንድ ወፍ ሲያይ ወዲያው «ስሙ ማን ነው?» ይላል። መልሱን ካላገኘ ይሰለቻል፤ ካገኘም ቶሎ ይረሳዋል። ወፉ የት እንደቆመ፣ ምን እንደሚበላ፣ ለምን እዚያ እንደተገኘ ያስተዋለ ሰው ግን ስሙን ዘግይቶም ቢሰማ አይረሳውም። ሮቤና ጎባ ባሉበት በባሌ ደጋ ይህ ዘዴ በተለይ ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚያ ሕይወት የተደለደለችው በከፍታ ነው።

ከፍታው የሚናገረው

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ከጎባ በደቡብ በኩል የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወደ ሳነቴ ሜዳ ያደርሳል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሰፊ ሜዳ ሲሆን፣ በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። መንገዱ ከዚያ አልፎ በሪራ በኩል ቁልቁል ሲወርድ ወደ ሐረና ደን ይገባና ወደ ዶሎ መና ቆላ ይዘልቃል።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት በከንቱ አይደለም። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከቅዝቃዜው ጋር ዕፅዋቱ ይለወጣሉ፤ ከዕፅዋቱ ጋር ነፍሳቱ፣ ከነፍሳቱ ጋር ወፎቹ ይለወጣሉ። በሮቤ ዙሪያ ስንዴ፣ ገብስና ባሕር ዛፍ ነው። በዲንሾ ጥድና ኮሶ ይበዛል። ከጎባ በላይ አምጃና አስታ ተራራውን ይሸፍናሉ። ሳነቴ ላይ ዛፍ የሚባል ነገር ጠፍቶ ጅብራ ብቻዋን ከአጫጭር ቁጥቋጦና ሣር በላይ ትቆማለች። ስለዚህ ወፍ ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «አሁን የቆምኩት በየትኛው እርከን ነው?» የሚል ይሁን። ይህ ጥያቄ ብቻውን በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አብዛኞቹን ከሐሳብዎ ያወጣልዎታል።

ከፍታው ብርቅዬዎቹ ለምን እዚህ እንደበዙም ያስረዳል። የኢትዮጵያ ደጋ በሞቃት ቆላ የተከበበ ቀዝቃዛ ምድር ነው። ቅዝቃዜ የለመደ ወፍ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሌላ ተራራ ለመሄድ ይቸገራል። በዚህ ሁኔታ ለረጅም ዘመን ተነጥሎ የኖረ ዘር ቀስ በቀስ ከሌሎቹ የተለየ ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ከጥንቱ የበረዶ ዘመን የቀሩ ናቸው። በዚያ ዘመን የሳነቴ ሜዳ ከፊሉ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር፤ ቅዝቃዜ ወዳድ እንስሳትም ዛሬ ከሚገኙበት ሰፋ ያለ አገር ነበራቸው። አየሩ ሲሞቅ የቀሩት ከፍታው ላይ ብቻ ነው። ቀይ ምንቃርና ቀይ እግር ያለው ጥቁር ቁራ መሰል ወፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ዘመዶቹ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ተራሮች ይኖራሉ፤ ከሰሐራ በታች ግን የሚገኘው በኢትዮጵያ፣ በስሜንና በባሌ ተራሮች ነው።

ወፍ በማለዳ፣ ቢራቢሮ ከረፋድ በኋላ

ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት የሚፈልግ ሰው የሰዓታቸውን ልዩነት ማወቅ አለበት። ወፍ ደሙ ሞቃት ነው። ሌሊቱን በብርድ ያሳለፈው ወፍ ሲነጋ ርቦት ይነሳል፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ እየዘመረና እየለቀመ በግልጽ ይታያል። ቢራቢሮ ግን የራሱን ሙቀት እንደ ወፍ አያመነጭም። ክንፉን ለመብረር የሚያበቃው የፀሐይ ሙቀት ነው። በሮቤና በጎባ ማለዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቢራቢሮ እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ በሣርና በቅጠል ሥር ተደብቆ ይቆያል። ፀሐይ ስትጠነክር ክንፉን ዘርግቶ ይሞቃል፤ ከዚያ ይነሳል። ደመና ሲመጣ ወዲያው ያርፋል።

ይህ ለቤተ ዘመድ እንግዳ የተመቸ ነው። ቤቱ ሳይነቃ ወይም ቁርስ እስኪቀርብ ድረስ ያለው ጊዜ ለወፍ ይሁን። ከቡናው በኋላ ደግሞ ልጆቹን ይዞ አጥሩን፣ የጓሮውን አትክልትና የወንዙን ዳር መዞር ለቢራቢሮ ይሆናል። ቀትር ላይ ወፎቹ ስለሚቀንሱ ለዘመድ የሚሰጠው ሰዓት አይነካም።

የዓመቱ ወቅትም ለውጥ ያመጣል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ደጋውን ይሞሉታል። ረጃጅም ክንፋቸውን ዘርግተው በስንዴው ማሳ ላይ ዝቅ ብለው የሚንሳፈፉ አዳኞች፣ ጅራታቸውን የሚያነቃንቁ ቢጫ ወፎችና ከእስያ ሰፋፊ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች በዚህ ጊዜ ይታያሉ። ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት የሚሄድ ሰው የአገሩንም የእንግዳውንም ወፍ አብሮ ያገኛል። በክረምት የሚሄድ ደግሞ ጨፌው ውሃ በያዘበት፣ የውሃ ወፎችም በሚራቡበት ጊዜ ይደርሳል።

አራት ጥያቄዎች

ቦታውንና ሰዓቱን ካወቁ በኋላ ለእያንዳንዱ ወፍ አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ። መጠኑ ምን ያህል ነው? ከድንቢጥ፣ ከእርግብና ከቁራ ጋር ያወዳድሩት። ምን እየሠራ ነው? መሬት ላይ ይሮጣል፣ ግንድ ይቆረቁራል፣ በአየር ላይ ያንዣብባል ወይስ አበባ ይቀስማል? ምንቃሩ ምን ይመስላል? አጭርና ወፍራም ምንቃር እህል ይሰብራል፤ ቀጭን ምንቃር ነፍሳት ይለቅማል፤ ቆልማማና ስል የሆነው ሥጋ ይቀድዳል፤ ረጅምና ጎባጣው ጭቃ ይፈትሻል ወይም አበባ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ፣ ጎልቶ የሚታይ ምልክቱ የት ነው?

ቀለም አራተኛው ጥያቄ ውስጥ የገባው ብርሃን ስለሚያታልል ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በደጋው ጓሮዎች የሚገኘው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠራው ረጅም ጅራት ያለው አበባ ቀሳሚ ወፍ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ነው። ፀሐይ ስታገኘው ግን ሐምራዊና የነሐስ ቀለም ያንጸባርቃል። ይህ ነጸብራቅ ከቀለም ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የላባው ረቂቅ ገጽ ብርሃኑን ከፋፍሎ ስለሚመልሰው ነው። የብዙ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ክንፍም የሚያበራው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። ፊት ለፊት ካደረጓት ሁሉም ወፍ ጥቁር ይሆንብዎታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዲንሾ አጠገብ ባለው የጋይሳይ ሣር ሜዳ መንገድ ዳር ቆመዋል እንበል። ከድንቢጥ የሚተልቅ፣ ጀርባው ቡናማና ዥንጉርጉር የሆነ ወፍ በሣር ውስጥ ይሮጣል። ምንቃሩ ቀጭን ስለሆነ ነፍሳት ለቃሚ ነው። ከጀርባው የሚለይ ነገር የለውም። ጥቂት ቢታገሡ ጉብታ ላይ ይወጣና ዞሮ ይዘምራል፤ ጉሮሮው ደማቅ ቢጫ ነው፣ ቢጫውን ደግሞ እንደ ሐብል ጥቁር መስመር ከቦታል። ከፍታው፣ ሣሩ፣ ሩጫው፣ ምንቃሩና ሐብሉ ሲደመሩ መልሱ አንድ ብቻ ይሆናል። ይህ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው የኋላ ጥፍሩ የረዘመ፣ ባለ ቢጫ ጉሮሮ የደጋ ሣር ወፍ ነው።

ከግቢው በር ሳይወጡ

ጀማሪ ፓርክ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። በሮቤና በጎባ መኖሪያ ግቢዎች በመጀመሪያው ማለዳ የሚሰማው ኃይለኛ ጩኸት የጋጋኖ መንጋ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ትልቅ፣ ረጅምና ጎባጣ ምንቃር ያለው ወፍ ሲሆን ጉሮሮው ላይ ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ሲበር ትከሻው ላይ ነጭ ይታያል። ቀን ቀን በግጦሽ ሜዳና በታረሰ ማሳ ላይ በቡድን ተሰማርቶ ምንቃሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትልና የነፍሳት እጭ ያወጣል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ወፍ መሆኑን የሰፈሩ ልጆች ቢያውቁ በኩራት ይጠብቁታል።

ቁራውንም ልብ ይበሉ። የደጋችን ትልቁ ቁራ እጅግ ወፍራም፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ምንቃር አለው፤ ማጅራቱ ላይም ነጭ ምልክት አለ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይታወቅም። የከብት እበትን በምንቃሩ ወዲያና ወዲህ እየበተነ ከውስጡ እጭ ሲለቅም ማየት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያንና በትላልቅ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የምትሰፍረውን ግራጫ እርግብ ደግሞ ከኋላ በኩል ይመልከቷት። አንገቷ ላይ ነጭ ግማሽ ቀለበት ካለ፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ ከታየ፣ እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ናት። መጀመሪያ ገደል ላይ ስትራባ የኖረች ወፍ ስለሆነች የድንጋይና የግንብ ሕንፃ እንደ ገደል ያገለግላታል።

በስልክ እንጨትና በባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ፣ ጅራቱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ሆዱ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ አዳኝ ወፍ ያገኛሉ። አይጥ ይጠብቃል። የገብስና የስንዴ ገበሬ ወዳጅ ነው። ጉጉትም እንደዚሁ ነው። በብዙ ቤት ጉጉት የመጥፎ ነገር ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ይባረራል፤ አንዳንዴም ይገደላል። ነገር ግን ሌሊት ጎተራ የሚጠብቅልን አይጥ አዳኝ ነውና ለቤተሰቡ፣ በተለይ ለልጆች፣ በአክብሮት ቢነገር መልካም ነው።

በከተማው ቄራ አካባቢ የሚታየው ቀጭን ምንቃር ያለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ብዙ ስለሆነ ተራ ይመስላል። ይሁንና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ወፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ ውስጥ አስገብቶታል። በመላው አፍሪካ ለአውሬ በተቀመጠ መርዝና በሌሎች ምክንያቶች ቁጥሩ በፍጥነት ወርዷል። የሞተ እንስሳ በልቶ ከበሽታ የሚያጸዳን ይህ አሞራ ከጠፋ ሥራውን የሚወርሱት ውሾች ናቸው፤ ከውሾች ጋር ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል።

ዲንሾና ጋይሳይ

ከቤተሰቡ አንድ ቀን ፈቃድ ካገኙ ዲንሾ ይሂዱ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። መግቢያ ከፍለው፣ ከአካባቢው ማኅበር አስጎብኚ ይዘው በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለውን የጥድና የኮሶ ደን በእግር ይዙሩ። የደጋ አጋዘንና ድኩላ በቅርብ ይታያሉ። ወፎቹን ግን በመጀመሪያ በጆሮ ይፈልጉ። ሁለት ወፎች ተቀባብለው እንደ አንድ ዜማ ሲዘምሩ ከሰሙ፣ ግራጫ፣ ከጅራቱ ሥር ቀይ ቡናማ የሆነውን የኢትዮጵያ ብርቅዬ እያዳመጡ ነው። ቁጥቋጦው መሀል ስለሚደበቅ ድምፁን የማያውቅ ሰው ሳያየው ያልፋል። ግንደ ቆርቁር፣ ጀርባዋ ነጭ የሆነ ጥቁር ትንሽ ወፍና በረጅም ጆሮ መሰል ላባዋ የምትታወቀው ጉጉትም የዚህ ደን ነዋሪዎች ናቸው። ጉጉቷ ቀን የምትውልበትን ዛፍ አስጎብኚዎቹ ያውቃሉ።

ጋይሳይ ጨፌና ሣር ነው። በጅረቱ ዳር ጅራቷን ብድግ ቁጭ እያደረገች፣ ከሥሩም ነጩን እያሳየች የምትሄድ ቀይ ቡናማ የውሃ ዶሮ መሰል ወፍ ትገኛለች። የዚህች ወፍ ዘመዶች በሌላ አገር ከሰው ተደብቀው በሸምበቆ ውስጥ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ የባሌዋ ግን በግልጽ ሜዳ ላይ ትመላለሳለች። አጠገቧ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ቀብራ የተቀመጠች፣ ክንፏ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ያላት ግራጫ ዝይ ካዩ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትኖረውን የደጋ ዝይ አግኝተዋል። ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑ ለዚህ ብርድ የተዘጋጀች መሆኗን ይናገራል።

ሳነቴ

ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወስዳል። ስለዚህ በደረሱበት ቀን ወዲያው አይውጡ፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ሮቤ ወይም ጎባ ጥቂት አድሮ ቢወጣ ራስ ምታቱ ይቀልለታል። ሙቅ ልብስ፣ ውሃና የፀሐይ ባርኔጣ ይያዙ። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ያቃጥላል።

ሳነቴን ለመረዳት ከመሬት ሥር መጀመር ያስፈልጋል። ሜዳው በአይጥና በትልቁ ፍልፈል ተሞልቷል። ይህ ፍልፈል የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው በእነሱ ላይ ነው፤ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ናቸው። ንስሮቹም ለዚሁ ይመጣሉ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ፊንጫ ሐበራ በተባለው የባሌ ዋሻ ከ30,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበርና ፍልፈሉን ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አሳይቷል።

ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ አጠገቡ የምትቆም ትንሽ ቡናማ ወፍ ያስተውሉ። የሚገለበጠው አፈር ያወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። አዳኝ ሲቀርብ ስትጮህ ፍልፈሉ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። አንዱ ምግብ፣ ሌላው ጥበቃ ያገኛል። ይህን ለማየት መኪና ውስጥ ሆኖ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ይበቃል፤ መኪናው መደበቂያ ይሆናል።

በኩሬዎቹ ዳር ደረቷ ላይ ነጠብጣብ ያላት ረጅም እግር ወፍ ትሮጣለች፤ እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። የወርቅ ቡናማ ቀለም ያላት ትልቅ ዳክዬ ደግሞ ከእስያና ከሰሜን አፍሪካ ዘመዶቿ ርቃ ከሰሐራ በታች የምትራባው እዚህ ነው። ወርቃማው ንስርም እንዲሁ። ሁለቱም ባለ ቀይ ምንቃሩ ቁራ መሰል ወፍ የሚያስረዳውን ያንኑ የጥንት ቅዝቃዜ ታሪክ ይመሰክራሉ። በገደሉ ጫፍ ላይ አጥንት ከሰማይ ወደ ድንጋይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው አሞራም አልፎ አልፎ ይታያል።

ቢራቢሮን በተክሏ ይፈልጓት

በቢራቢሮ ላይ ቦታን ማንበብ ማለት ተክልን ማንበብ ማለት ነው። ቢራቢሮ ዕንቁላሏን የምትጥለው ልጇ አባጨጓሬው ሊበላው በሚችለው ተክል ላይ ብቻ ነው። አባጨጓሬው በልቶ ሲያድግ በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ያርፋል፤ ከዚያ ባለ ክንፍ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ተክሉ ባለበት ቢራቢሮዋን ይጠብቁ።

በሮቤና በጎባ ሜዳ ማገጥ የበዛበት ቦታ ላይ ቢጫ ብርቱካናማ፣ የክንፏ ዳር ጥቁር የሆነች ፈጣን ቢራቢሮ ትዞራለች፤ አባጨጓሬዋ ማገጥና መሰሎቹን ይበላል። ቱልት በበቀለበት እርጥብ ዳርቻ እንደ መዳብ የምታብለጨልጭ ትንሽ ቢራቢሮ ትገኛለች። እሾሃም አበባ ባለበት ደግሞ ብርቱካናማ ክንፍ፣ ጥቁር ጫፍና ነጭ ነጠብጣብ ያላት ትታያለች። ይህች በሁሉም አህጉር ማለት ይቻላል የምትገኝ መንገደኛ ናት። ከአውሮፓ ተነሥታ ሰሐራን አቋርጣ ወደ አፍሪካ የምትደርስ ሲሆን፣ የዓመቱን ሙሉ ዙር የሚፈጽሙት በርካታ ትውልዶች ተቀባብለው ነው። ሎሚና ብርቱካን ባለበት ወረድ ያለ አገር ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ አለች። የጓሮው ጤና አዳም የሎሚ ቤተሰብ ስለሆነ ቅጠሉን አገላብጦ ማየት ልጆችን ያስተምራል።

ቢራቢሮን ከእሳት እራት ለመለየት አንቴናዋን ይዩ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ያበጠ ነው፤ የእሳት እራት ግን ክር ወይም ላባ ይመስላል። ቢራቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ስታርፍ ክንፏን ወደ ላይ ትገጥማለች።

ወፍንና ቢራቢሮን አብሮ የሚያይ ሰው ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል፤ ብዙው የቢራቢሮ መልክ የተቀረጸው በወፍ ዓይን ነው። አባጨጓሬያቸው መርዛም ተክል የሚበላ ቢራቢሮዎች መርዙን በሰውነታቸው ይይዛሉ። አንዴ የቀመሳቸው ወፍ ቀለማቸውን አይረሳም። ስለዚህ መርዝ የሌላቸው ሌሎች ቢራቢሮዎች የእነሱን መልክ ለብሰው ይድናሉ። በአፍሪካ ደኖች የምትኖር አንዲት ትልቅ ቢራቢሮ ለዚህ በዓለም ትታወቃለች። ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ነው፤ በብዙ አገር ሴቶቹ ጅራት የላቸውም፣ መልካቸውም የመርዛሞቹን ይመስላል። በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ሆነው ይገኛሉ። ይህ ልዩነት የዘር ውርስ ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት አነጋግሯል። ከሳነቴ ማዶ ያለው ሐረና፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት እርጥብ ደን፣ ቢራቢሮ የሚበዛበት ስፍራ ነው። መንገዱ ጅረት በሚያቋርጥበት ቦታ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ቢቆሙ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ተሰብስበው ማዕድን ሲመጥጡ ያገኟቸዋል።

የሚያዝና የሚጠነቀቅበት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስና ባይኖኩላር ይበቃሉ። ባይኖኩላር ሲገዙ 8 በ42 የሚል ቢያገኙ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራል። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር በማለዳ ደብዛዛ ብርሃንም ይታያል። መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ወፍን ለመለየት ይረዳል፤ ሳነቴ ላይ ኔትወርክ ስለማይታመን ከከተማ ሳይወጡ የአካባቢውን ጥቅል ይጫኑት።

ጎጆ ያለበት ቁጥቋጦ አይነካ፤ እናቲቱ ከሸሸች ዕንቁላሉ በብርድ ይሞታል። ቢራቢሮን ክንፏን አይያዙ፤ ዱቄት የሚመስለው የክንፏ ሽፋን አንዴ ከረገፈ አይተካም። ውሻ ይዘው ፓርክ አይግቡ፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። በሳነቴ መኪና በዝግታ ይነዳ።

ከሁሉ በላይ የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። እረኛ ልጅ የትኛው ወፍ የት ጎጆ እንደሚሠራ ያውቃል። አዛውንቶች ደግሞ ዱሮ በጨፌው የነበረው ሽመላ ዛሬ መኖር አለመኖሩን ይነግሩዎታል። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለአንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ ጎብኚ አያገኘውም፤ የቤት እንግዳ ግን ቡና እየጠጣ ይሰማዋል።

ያዩትን ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ብዛቱንና የወፉን ሥራ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ይገኛል፤ ኢበርድና አይናቹራሊስት የተባሉት የመረጃ መዝገቦችም የማንኛውንም ተመልካች ምዝገባ ይቀበላሉ። የቢራቢሮ መረጃ ከወፍ ይልቅ ጥቂት ስለሆነ የእርስዎ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ከነቦታውና ከነቀኑ ለሳይንስ ይጠቅማል። በየዓመቱ ወደዚያው ግቢ የሚመለስ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ጊዜ ከሚያልፍ ባለሙያ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ለውጥን ያያል። በመጪው በዓል ሮቤ ወይም ጎባ ሲሄዱ አንድ ደብተር ገዝተው የመጀመሪያውን ገጽ ከዘመድ ልጆች ጋር ይሙሉት፤ ሲመለሱም ደብተሩን ለእነሱ ይተዉላቸው።